ቲቡርሲዮ ያጠበቀው ብሎን

ሳን ሮኬ፣ ኬሶን
ጁላይ 9 ቀን 1984

ይድረስ ለእህቴ ለፔትራ ልጅ፣ ለሩፊኖ

ልጄ፣ ይህ ወረቀት በጤና ያግኝህ። በዚያ በዓረብ አገር በረሃ ፀሐይ እንዳይመታህ፣ በምትሠራበት ጋራዥ ከባድ ብረት እንዳይወድቅብህ እመቤታችንን እለምንልሃለሁ። እኔ አለሁ፤ ይህም መኖር ከተባለ።

የላክኸውን የሐዘን ቃል እናትህ ሰጥታኛለች። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እጄ ቶሎ አይጽፍም፤ ከአራተኛ ክፍል ነው የወጣሁት። ስለዚህ ወደ ነገሬ ልግባ።

ልጄ ኔስቶር እንዴት እንደሞተ ሰው ሁሉ በየፊናው ያወራል፤ አንተ ግን ከእኔ ስማው። ኮኮናት አራግፎ ሰውና ዕቃ የሚጭንበትን ጂፕኒውን ባዶውን እየነዳ ሲመለስ፣ ቁልቁለቱ ላይ የፊት ግራ ጎማው ከነቸርኬው ወለቀ። ያዩት ሰዎች ጎማው ብቻውን ቀድሞ ወረደ ይላሉ። ልጄ ከነመኪናው ተከተለው። ገደሉ ጥልቅ አይደለም፤ ድንጋይ ግን አለው።

ያን ጎማ የገጠመው ቲቡርሲዮ ነው። ታውቀዋለህ፤ ከቤቴ ፊት ለፊት፣ በማንጎው ዛፍ ሥር የሰፈሩን መኪና ሁሉ የሚጠግነው። የኔስቶር የክርስትና አባት ነው። አበልጄ ነው። ለሰፈራችን የሜይ በዓል ጂፕኒው አምሮ እንዲወጣ ልጄ አዲስ ቸርኬ ገዛ፤ እሱ ገጠመለት። ያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ የኮኮናት አረቄ ከእጁ አልተለየም።

የልጄ አስከሬን ሳሎን ተጋድሞ ሳለ፣ ሰው በተሰበሰበበት ቲቡርሲዮን ጠየቅኩት።

«አበልጄ፣ ያን ብሎን አጥብቀኸው ነበር?»

«እኔ ያጠበቅኩትን እግዚአብሔር ብቻ ነው የሚፈታው» አለኝ። ይህን አባባሉን ታውቀዋለህ፤ ደረቱን እየደቃ ነው የሚናገረው።

«እንግዲያው ልጄን የገደለው እግዚአብሔር ነው በለኛ!» አልኩት። ሴቶቹ እጄን ይዘው ወደ ጓዳ አስገቡኝ።

ሩፊኖ፣ አንተ መካኒክ ነህ። የመኪና ጎማ ብሎን ምን ያህል መጥበቅ አለበት? ቲቡርሲዮ ሰክሮ አላልቶት እንደተወው ጻፍልኝ። ሙት ዓመቱ ሲደርስ፣ ጥቁር ልብሳችንን በምናወልቅበት ቀን፣ ሰፈሩ ሁሉ ግቢዬ ይሰበሰባል። ያኔ ቆሜ አነበዋለሁ። አሮጊት ስለ ብረት ምን ታውቃለች እንዳይሉኝ ያንተ ቃል ያስፈልገኛል። ከዚያ ቀን በኋላ ማንም ሰው ብስክሌቱን እንኳ እንዳይሰጠው አደርጋለሁ።

አክስትህ ኢሲድራ

*

ደማም
ኦገስት 14 ቀን 1984

የተከበሩ አክስቴ፣

ካለሁበት ሆኜ እጅዎን ወደ ግንባሬ አስጠግቼ ሰላም እላለሁ። እግዚአብሔር ጉልበትዎን ያጽናልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ሙቀቱ ብረት በእጅ አያስነካም፤ ለምደነዋል።

ኔስቶርን እያሰብኩ ሌሊቱ ሳይነጋልኝ የሚቀርበት ጊዜ አለ። በልጅነታችን ወንዝ ሲያሻግረኝ በጀርባው ያዝለኝ ነበር፤ እኔ ዋና እፈራ ነበር።

አክስቴ፣ የጠየቁኝን ጽፌ መስጠት አልችልም፤ ይቀየሙኝ ይሆናል። በቃሌ ሰው የሚፈረድበት ከሆነ ሳላይ አልናገርም። ግን የሚያዩበትን ላስረዳዎ። ብሎኑ ላልቶ ከነበረ ብሎኑ ላይ የሚጠመዘዘው ዳዶ ነው ወልቆ የሚጠፋው፤ ብሎኑ ራሱ ከነቁመቱ፣ ጎማው የሚታሰርበት ሞዞ ላይ ይቀራል፤ ጥርሱን ቸርኬው ፈጭቶት ያዩታል። ተሰብሮ ከነበረ ግን የሚያገኙት ጉቶውን ብቻ ነው። መኪናው ማንም ሳይነካው ሄደው ይዩልኝ።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። ሲያጠብቅ ብሎኑን ዘይት ቀብቶት ነበር? መፍቻው እጀታ ላይስ ማስረዘሚያ ቱቦ ቀጥሎ ነበር?

እናቴን ሰላም ይበሉልኝ። ቅዳሜ ገበያ ስትወርድ ጉልበቷን እያመማት በእግሯ እንዳትሄድ ይምከሩልኝ።

ልጅዎ ሩፊኖ

*

ሳን ሮኬ
ሴፕቴምበር 6 ቀን 1984

ልጄ ሩፊኖ፣ እንደምን ከረምክ? ጠባቂ መልአክ አይለይህ።

ጂፕኒው የሩዝ መጋዘኑ ውስጥ ነው፤ ማንንም አላስነካሁም። ገብቼ አየሁት። ጉቶ ነው፤ ሁሉም ጉቶ ነው። አንገታቸው ላይ ቀጥነዋል፤ የሩዝ ጣፋጭ ትኩስ ሆኖ ሲጎትቱት እንደሚቀጥነው። የሁለቱ ስብራት ዝጓል፤ የቀሩት ያበራሉ።

ዘይት ብለሃል። ቀብቷል። ጸጉሩን ከሚቀባበት የኮኮናት ዘይት ጠርሙስ ነው ያንጠባጠበበት። «ብረትም እንደ ሴት ነው፤ ካላለሰለስከው እሺ አይልህም» እያለ።

ቱቦም ቀጥሏል። ከውኃ መስመር የተረፈ፣ ቁመቱ ከእኔ የሚበልጥ። የኛን ልማድ አልረሳኸውም፤ አዲስ ጎማ ሲገጠም የመጨረሻውን የሚጠመዝዘው የክርስትና አባት ነው። ወንዶቹ ከበውት ያጨበጭባሉ።

«ሚስትህ ሩዝ ከለከለችህ እንዴ? ጠበቅ አድርገው እንጂ!» አለው አንዱ።

«ቆይ እንግዲህ» ብሎ ቱቦው ላይ ወጣ። በሁለት እግሩ ቆመና ዘለለበት። ብረቱ ጮኸ። «ይህቺ ለክርስትና ልጄ!» ብሎ ወደሚቀጥለው ሄደ። ሁሉንም እንዲያ አደረገ።

«ኧረ በቃ አባባ! ጎማው ሲተነፍስ ማን ሊፈታልኝ ነው?» አለ ኔስቶር እየሳቀ።

«ትጠራኛለሃ! ክርስትና አባትህን እንዳትረሳ ብዬ ነው!»

እንግዲህ ሲያጠብቅ ያዩ ብዙ ናቸው። ለዚህ ነው ሰው የማያምነኝ። ግን ጎማው ወለቀ። አንዱን ረስቶት መሆን አለበት። አንዱን ጉቶ በብረት መጋዝ አስቆርጬ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ ወደ ደማም ለሚመለስ ሰው ሰጥቼልሃለሁ። እየው። አይተህ ደግሞ የማትጽፍልኝ ከሆነ ዝምድናችንን እንጃ።

አክስትህ ኢሲድራ

*

ደማም
ኦክቶበር 20 ቀን 1984

የተከበሩ አክስቴ፣

ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስ። ብሎኑ ደርሶኛል። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬው ስንት ቀን ዞርኩት። የኛን ሹም የመሰለ ብረት አዋቂ አላውቅም፤ ለእሱም አሳየሁት። ያለኝን ሳልጨምር ሳልቀንስ እነግርዎታለሁ።

ላልቶ አይደለም የወለቀው። ከመጠን በላይ ጠብቆ ነው።

ይህ እንግዳ ነገር እንደሚሆንብዎ አውቃለሁ። የቀሚስ ላስቲክ ያስቡ። በልኩ ሲጎተት ለመመለስ ይታገላል፤ ወገብ የሚይዘውም ያ ትግሉ ነው። አብዝተው የጎተቱት ላስቲክ ግን ይሸነፋል፤ ከዚያ ወዲያ አይመለስም፤ ትንሽ ቆይቶም ይበጠሳል። ብሎንም እንደዚያው ነው። ሲጠብቅ ዓይን በማያየው ልክ ይለጠጣል፤ ቸርኬውን አቅፎ የሚይዘው ለመመለስ በሚታገልበት ጉልበት ነው። ልኩን ካለፈ አንገቱ ይቀጥናል። ከዚያ መንገዱ በነቀነቀው ቁጥር ይሰነጠቃል። አንዱ ሲሰበር ሸክሙ ለቀሩት ይበዛል፤ ከዚያ ሁሉም በአንድ ላይ ይሄዳሉ። የዛጉት ሁለቱ ቀድመው የተሰበሩት ናቸው። ዘይቱ ደግሞ እጅን ያታልላል፤ መፍቻው ሳይከብድ ብሎኑ አብዝቶ ይጎተታል።

ምን ያህል ይጥበቅ ብለው ነበር። ጥርሱ ደረቅና ንጹሕ ሆኖ፣ ከመኪናው ጋር በመጣው መፍቻ፣ በአንድ ሰው ክንድ፤ ቱቦ ሳይቀጠል፣ እግር ሳይነካው። አንዱን ጠበቅ ማድረግ፣ ከዚያ ፊት ለፊቱ ያለውን፣ እንዲያ እየተሻገሩ። ጥቂት ከተነዳ በኋላ ደግሞ እንደገና ማየት። የመኪናው መጽሐፍ ልኩን በቁጥር ይጽፈዋል፤ ሰፈራችን ውስጥ መጽሐፉን የሚከፍት ሰው ግን አላየሁም።

ቲቡርሲዮ ሰንፎ አይደለም፤ ለኔስቶር የሚበልጥ እያደረገ መስሎት ነው። ጥፋቱ ግን ጥፋት ነው። ይህን የፈለጉበት ቦታ ሊያነቡት ይችላሉ።

አሁን ግን ከዚህ የሚበልጥ ነገር አለ። የቲቡርሲዮን ልጅ፣ የክሪሳንቶን ጂፕኒ ጎማ የገጠመው ማን ነው? አባቱ ከሆነ፣ በዚያው ቱቦና በዚያው ዘይት ከሆነ፣ እነዚያ ብሎኖች ሁሉ ወጥተው መጣል አለባቸው። ማላላት አይበቃም፤ የተለጠጠ ብሎን አይድንም። ዛሬውኑ መንገዱን ተሻግረው ለቲቡርሲዮ ይንገሩት። ሙት ዓመቱን አይጠብቁ።

ልጅዎ ሩፊኖ

*

ሳን ሮኬ
ጃንዋሪ 13 ቀን 1985

ልጄ ሩፊኖ፣ አዲሱ ዓመት የጤና ይሁንልህ።

መልሴ ዘገየ። አውሎ ነፋሱ የኩሽናዬን ጣሪያ ወስዶት ነበር፤ ወንድሞቼ መጥተው በዘንባባ ከደኑልኝ። ሩዙ ግማሹ ተኝቶ በሰበሰ። ለገና አሳማ ያረዱት ከየቤታቸው ትንሽ ትንሽ ላኩልኝ፤ አልበላሁትም። እናትህ ደህና ናት። ጉልበቷ ተሽሏታል።

የጻፍከው ገብቶኛል። የላስቲኩን ነገር በደንብ ነው ያስረዳኸኝ። እንደ አስተማሪ ነህ።

ክሪሳንቶ ሁልጊዜ ጠዋት በደጄ ያልፋል። አባቱ ለበዓሉ ለሱም አዲስ ቸርኬ ገጥሞለት ነበር፤ ከኔስቶር በማግስቱ። ጨዋ ልጅ ነው፤ ሲያልፍ ጥሩምባ ነፍቶ እጁን ያነሳልኛል። እኔም አነሳለታለሁ። ቲቡርሲዮ በሩ ላይ ቆሞ ልጁ ኮረብታው ጀርባ እስኪሰወር ድረስ ያየዋል። አንድ ልጅ ብቻ ነው ያለው፤ እንደ እኔ።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። እንዲህ የተለጠጠ ብሎን ምን ያህል ጊዜ ይቆያል? ሰው ሲጫንበት ይፈጥናል ወይ? የኔስቶር ብዙ አልቆየም። ይኼኛው ግን እስካሁን ይሄዳል።

ስታገኝ ጻፍልኝ።

አክስትህ ኢሲድራ

*

ደማም
ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1985

አክስቴ፣

ሰላምታ እንኳ ለመጻፍ እጄ አልታዘዝ አለኝ፤ ይቅር ይበሉኝ።

አልነገሩትም። ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት፤ የኩሽናው ጣሪያ አለ፣ ሩዙ አለ፣ አሳማው አለ፤ ነገርኩት የሚል ቃል የለም። መቼ እንደሚሰበር ነው የሚጠይቁኝ። አልመልስልዎትም።

ያን ጂፕኒ የሚሳፈረው ክሪሳንቶ ብቻ ነው? እናቴ ቅዳሜ ቅዳሜ በምን ነው ገበያ የምትወርደው? እኔ ራሴ በእግሯ እንዳትሄድ ይምከሩልኝ ብዬ ነበር። አክስቴ፣ እናቴን ረሷት?

ለቲቡርሲዮ ዛሬ ጽፌለታለሁ። ሁሉንም አስረድቼዋለሁ፤ ይመነኝ አይመነኝ ግን እንጃ። በሜይ ለሚመለስ ሰው ደግሞ አንድ መፍቻ ሰጥቼ እልክለታለሁ። እኛ እዚህ የምንሠራበት ነው፤ ልኩን በቁጥር ይሞሉታል፤ ሲደርስ ቀጭ ይላል፤ ያኔ እጅን ማንሳት ነው። ቲቡርሲዮ መጥፎ ሰው አይደለም፤ ልኩን የሚነግረው አጥቶ ነው።

ይህ ሁሉ እስኪደርስ ግን ቀኑ ብዙ ነው። እርስዎ መንገዱን ለመሻገር አንድ አፍታ ይበቃዎታል። ስለ ኔስቶር ብለው ይሻገሩ።

ሩፊኖ

*

ሳን ሮኬ
ማርች 24 ቀን 1985

ልጄ ሩፊኖ፣

ተቆጥተህ ሰላምታህን አስቀረህ። እኔ ግን አላስቀርብህም። እመቤታችን ከክፉ ትሰውርህ።

በመጀመሪያ ስለ እናትህ። ያ የኦክቶበር ደብዳቤህ ከደረሰኝ ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ ክሪሳንቶ መኪና ላይ አልወጣችም። «መኪና ፈርቻለሁ፤ ብቻዬን አትስደጂኝ» እያልኩ ቅዳሜ ቅዳሜ በእግር ነው ይዣት የምወርደው። ጉልበቷ ሲያማት እየተቀመጥን ነው። ሌሎቹን ግን ምንም አላልኳቸውም። ይህንንም እወቀው። አልደብቅህም።

ደብዳቤህ ለቲቡርሲዮ ደረሰው። ቅዳሜ ወደ ማታ ላይ እያውለበለበ መንገዱን ተሻግሮ መጣ።

«አበልጄ! የፔትራ ልጅ ፀሐይ አናቱን መትቶታል! ብረት ብዙ ሲጠብቅ ይሰበራል ይላል። እንኪ አንብቢውና አብረን እንሳቅ።»

«አልስቅም» አልኩት። «ና ተከተለኝ።»

መጋዘኑን ከፈትኩለት። ልጄ ከሞተ ጀምሮ ያን መኪና ሊያይ አልመጣም ነበር። ጎንበስ በል አልኩት። ጉቶዎቹን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። መካኒክ ነውና ጣቱ ከአፉ ቀድሞ አወቀ፤ አንገታቸው የቀጠነበት ቦታ ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ።

«ብረቱ ነው» አለ። «ርካሽ ብረት ነው የሸጡለት።»

«የክሪሳንቶም ከዚያው ሱቅ ነው።»

ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ይህን የምታውቂው?»

«ከኖቬምበር።»

«ልጄ በየቀኑ በደጅሽ ሲያልፍ?»

«በየቀኑ። እጁን ያነሳልኛል።»

«አንቺ እናት አይደለሽም እንዴ?»

«ነበርኩ» አልኩት።

የሚመታኝ መሰለኝ። ቢመታኝ ደስ ይለኝ ነበር። እጁ ግን እዚያው ብረቱ ላይ ነበር።

«አሁን ስማ» አልኩት። «ነገ እሑድ ነው። እጅህ ትክክል ነው የምትል ከሆነ፣ ለቅሶ ላይ እንዳልከኝ ከሆነ፣ ክሪሳንቶ ነገ ሰው ጭኖ ይውረድ። አይ ካልክ ደግሞ ብሎኖቹን አውጣ፤ ግን ከቤተ ክርስቲያን በሚመለሰው ሰው ፊት ታወጣቸዋለህ። ለምን ብለው ሲጠይቁህም ትነግራቸዋለህ። በድብቅ ብታወጣቸው እኔ ነኝ የምናገረው።»

በማግስቱ የክሪሳንቶ ጂፕኒ ማንጎው ሥር ድንጋይ ላይ ተሰቅሎ ታየ። ሰው ከቅዳሴ ሲመለስ ቲቡርሲዮ ብሎኖቹን መፍታት ጀመረ። እምቢ አሉት። የገዛ ጉልበቱን ነበር የሚታገለው። ያንኑ ቱቦ ቀጥሎ ተንጠለጠለበት።

«ምነው ቲቡርሲዮ! አንተ ያጠበቅከውን እግዚአብሔር ነው የሚፈታው አላልክም? ዛሬ ቦታውን ወሰድክበት እንዴ?» አለው አንዱ፤ ሰዎቹ ሳቁ።

ቲቡርሲዮ ወደሚቀጥለው ብሎን ሲሄድ ገና ገፋ ከማድረጉ ቀጭ ብሎ ተቆረጠ። ቱቦው ከእጁ አምልጦ ወደቀ። ክሪሳንቶ የተቆረጠውን አንስቶ አየው፤ ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«አባ፣ ይኼ እኮ...» አለ፤ አልጨረሰውም።

ቲቡርሲዮ ወደ ሕዝቡ አልዞረም። ወደ እኔ ነው የዞረው። «ኔስቶርን የገደልኩት እኔ ነኝ» አለ። የኋለኞቹ አልሰሙም።

«ድምፅህን ከፍ አድርገው» አልኩት።

ደገመው። ሁሉም ሰሙ። ሰዉ አንድ በአንድ መኪናውን ሊያስፈትሽ ሮጠ፤ ዘመድ ያለው ወደ ዘመዱ ላከ። እኔ ከቤት ወንበር አውጥቼ በራፌ ላይ ተቀመጥኩ፤ የመጨረሻው ብሎን እስኪወጣ አልተነሳሁም።

አሁን ስለ ኔስቶር ብላ ራርታ ነው ትላለህ። አይደለም፤ እንዳትሳሳት። በነዚያ ወራት ሁሉ ክሪሳንቶ እንዲሞት ነበር የምጠብቀው። ጥሩምባው በተሰማ ቁጥር ዛሬ ይሆናል እል ነበር። ያንተ ደብዳቤ ከመጣ በኋላ ግን ቁጭ ብዬ ነገሩን እስከ መጨረሻው አሰብኩት። ክሪሳንቶ ቢሞት ቲቡርሲዮ እንደ እኔ ልጅ የሞተበት ይሆናል። ሰፈሩ ያለቅስለታል። ሩዝና ዓሣ ይወስዱለታል፣ ክንዱን ይዘው ያስቀምጡታል። እኔም ሄጄ ከጎኑ መቀመጥ ይኖርብኝ ነበር። ማን ያኔ ገዳይ ይለዋል? ልጁ በሕይወት ሲኖር ግን ሌላ ነው። ክሪሳንቶ ገብቶ በወጣ ቁጥር፣ ሚስት ሲያገባ፣ ልጅ በወለደ ቁጥር፣ ቲቡርሲዮ የሱ ልጅ በማን አፍ እንደተረፈና የእኔ ልጅ በማን እጅ እንደሞተ ያስታውሳል። ለዚህ ነው የተናገርኩት።

ለሙት ዓመቱ የማነበውን ጻፍልኝ ብዬህ ነበር። አሁን አያስፈልገኝም። የሚባለው ሁሉ ተብሏል።

አንድ ልመና ብቻ አለኝ። ያን ቀጭ የሚለውን መፍቻ ለሱ እንዳትልክ። ለእኔ ላከው፣ በእኔ ስም። ሰዉ ደንግጦ ከሱ የሸሸ መስሎህ ነበር? እኔም እንደዚያ ነበር የመሰለኝ። ግን ሌላ መካኒክ የለንም፤ ከተማውም ሩቅ ነው፤ ከእንግዲህ በልኩ ያጥብቅልን እያሉ ይመለሱበታል። ይመለሱበት። መፍቻው ግን የሚኖረው እኔ ቤት ነው። ጎማ ሊገጥም በፈለገ ቁጥር መንገዱን ተሻግሮ፣ በሬን አንኳኩቶ፣ «አበልጄ፣ መፍቻውን አውሺኝ» ይበለኝ። አልከለክለውም። ዝገት እንዳይበላው ጠርጌ አስቀምጠዋለሁ። በእጄ እሰጠዋለሁ፤ ሲመልስም ቆሜ እቀበለዋለሁ።

ገና ስድሳ አልሞላውም፤ ጉልበቱም ደህና ነው። ረጅም ዕድሜ ይስጠው።

አክስትህ ኢሲድራ